ልዕለ ጀግና በድብልቅ ቀለም ለመሳል፦ የቱ ይቅደም፣ የቱ ይከተል?

ሰሞኑን አንዲት ልዕለ ጀግና እየሳልኩ ነው። ከእንጦጦ በላይ በክረምት ሰማይ ውስጥ የምትበር፣ በካባ ፈንታ ጋቢ ያጣፋች፣ ከእጇ መብረቅ የሚወጣ ሴት ናት። በአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ልጨርሳት አልፈለግኩም። ሰማዩ እርጥብ መስሎ መታየት አለበት። ጋቢው ጥጥ መምሰል አለበት፣ መብረቁ ደግሞ ዓይን እስኪያስጨፍን ድረስ መብራት አለበት፣ ይሄን ሁሉ ብቻውን የሚችል ቀለም ደግሞ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ቤት ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት፦ የውሃ ቀለም፣ ፖስተር ከለር፣ ጓሽ፣ አክሪሊክ፣ ጥቁር የመስመር ቀለም፣ የዘይት ፓስቴል፣ የቀለም እርሳስ፣ ሻማ፣ ጨው፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ።

ድብልቅ ቀለም ሞክረው ስዕሉ ጭቃ የሆነባቸው ወይም ቀለሙ እየተላጠ ያስቸገራቸው ብዙ ልጆች አውቃለሁ። አብዛኞቹ እጃቸው ጥሩ ነው። የሚያስቸግራቸው ቅደም ተከተሉ ነው፣ እሱን ደግሞ ተቀምጦ የሚያስረዳ ሰው ብዙም አይገኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሙጫው ነው። ቀለም ማለት የተፈጨ ዱቄትና ዱቄቱን የሚያጣብቅ ነገር ማለት ነው። የውሃ ቀለም የሚጣበቀው ከግራር ዛፍ በሚወጣ ሙጫ ነው፤ ይሄ ሙጫ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ጓሽም በዚሁ ሙጫ ነው የሚሠራው፣ ግን ዱቄቱ ስለሚበዛ ሥሩ ያለውን ይሸፍናል። ትምህርት ቤት የምናውቀው ፖስተር ከለር ጠባዩ ለጓሽ ይቀርባል። አክሪሊክ ግን ሌላ ነገር ነው፦ እርጥብ እያለ በውሃ ይቀጥናል፣ አንዴ ከደረቀ ግን ፕላስቲክ ይሆናል፣ ውሃ ብታፈሱበትም አይነቃነቅም። የዘይት ፓስቴል ደግሞ ዘይትና ሰም ስለሆነ ውሃ የሚባል ነገር አያስጠጋም።

ይሄን ካወቃችሁ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል። የውሃ ቀለም መጀመሪያ፣ ጓሽ ቀጥሎ፣ አክሪሊክ ከዚያ፣ የዘይት ፓስቴል መጨረሻ። አክሪሊክ ላይ የውሃ ቀለም ብትቀቡ እንክብል እንክብል እያለ ይሰበሰባል እንጂ አይገባም። የዘይት ፓስቴል ላይ አክሪሊክ ብትቀቡ ደግሞ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን በጥፍር ትልጡታላችሁ። ከዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣው ሻማ ብቻ ነው፣ እሱ ከሁሉም ይቀድማል፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወረቀት። ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ተራ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ትንሽ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። ለዚህ ሥራ 300 ግራም የሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ፈልጉ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንዱን ትልቅ ወረቀት አራት ቦታ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ አጣብቁት፤ ሲረጥብ ቢያብጥም ሲደርቅ ተመልሶ ይወጠራል።

ወረቀቱ ካልተገኘ ወይም ብሩ ካልበቃ ሌላ መንገድ አለ። ወፍራም ካርቶን ወስዳችሁ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በውሃ ቀጠን አድርጋችሁ ቀቡት። መርካቶ ሄጄ ትንሽ ቀንሶ እንዲሸጥልኝ ስጠይቅ ሻጩ «የኔ እህት፣ ይሄ እኮ የግድግዳ ነው» አለኝ። ካርቶን ላይ ቀብቼ ስዕል እንደምስልበት ስነግረው «እንግዲህ ይቅናሽ» ብሎ በትንሽ ጣሳ ቀዳልኝ። የማያብረቀርቀውን ዓይነት ውሰዱ፣ ለእርሳስም ለብሩሽም ትንሽ ሻከር ያለ መያዣ ይፈጥራል። ካርቶኑን ከፊትም ከኋላም ቀቡት፣ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ይጎብጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እንዲህ የተቀባ ካርቶን ለጓሽና ለአክሪሊክ ነው። የውሃ ቀለም አይመጠውም፣ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ለብዙ ዓመት ይቀመጥልኝ ለምትሉት ሥራም አልመክረውም፤ ለልምምድና ለሙከራ ግን በጣም ይሆናል።

ንድፉን በኤችቢ እርሳስ፣ እጄን ሳልጫን ነው የምሠራው። መጀመሪያ ከጭንቅላት እስከ እግር ጫፍ የሚወርድ አንድ የተቆለመመ መስመር አሰምራለሁ፣ የመብረሯ ኃይል ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው፣ እሱ ከሞተ ቀለሙ አያድነውም። ቁመቷን የምለካው በጭንቅላት ነው። ተራ ሰው ሲሳል ሰባት ተኩል ጭንቅላት ገደማ ይሆናል፤ ልዕለ ጀግኖች ግን ስምንት ተኩል፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ድረስ ይሳላሉ፣ ግርማ ሞገሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወደ እኛ የተዘረጋው እጇ ከፊቷ ቢበልጥም አትደንግጡ። ቡጢውን መጀመሪያ በትልቁ አስቀምጡና ክንዱን ከኋላው አሳጥራችሁ ሳሉት።

እርሳሱን አታጥቁሩት። የውሃ ቀለም ካለፈበት በኋላ እርሳስ በላጲስ አይለቅም፣ ሙጫው አብሮ ይዞት ይቀራል። ንድፉን ስጨርስ ላጲሱን በቀስታ አንከባልልበትና መስመሩ ለእኔ ብቻ እስኪታይ አደበዝዘዋለሁ።

ዋናው ወረቀት ላይ ከመግባታችሁ በፊት ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ወስዳችሁ ሞክሩ። ይሄ ማለፍ የሌለበት ነገር ነው፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ ያሉት ቀለሞች ጠባያቸው እንደ ስማቸው አይደለም፤ «አክሪሊክ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ነገር እንደ ፖስተር ከለር ሊሟሟ ይችላል። እያንዳንዱን ቀለም ጣት በሚያህል ወርድ ቀቡና አድርቁ፣ ከዚያ በላዩ ሌሎቹን በአግድም አስኪዱባቸው። ሁለተኛው ሲያልፍበት የመጀመሪያው ተነሳ? ተቀላቀለ? ሸሸ? በዚህ ቁራጭ ላይ ያየሁት አንድ ነገር በጣም ጠቅሞኛል። ቀይ ማርከር ላይ ነጭ ጓሽ ቀባሁ። ሲቀባ ንጹሕ ነጭ ነበር፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ሮዝ ሆኗል። ማርከሩ ከሥር እየሰረገ ይወጣል። ሰማያዊ እስክሪብቶም አንዳንዱ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በላዩ ነጭ የሚመጣበት ቦታ ላይ ማርከርም እስክሪብቶም አላስነካም።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሻማው። መብረቁ የሚያልፍበትን መንገድ በሻማ ጫፍ ጫን ብላችሁ አሰምሩ። ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ሻማ አይታይም፣ ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ ስታዩት ግን ያብረቀርቃል። ከዚያ ሰማዩን ሙሉ በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ ሰማያዊውን ጣል ስታደርጉበት ቀለሙ ራሱ ይስፋፋል፣ ሻማው የነካው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሸሽቶ ነጩን ይተወዋል። የሻማው መስመር ሻካራና የተቆራረጠ ስለሚሆን በብሩሽ ተጠንቅቃችሁ ከምትስሉት መብረቅ ይልቅ እውነተኛውን ይመስላል። ከሙከራው ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

የክረምት ሰማይ ጥቁር ቀለም አይፈልግም። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለውን ቀይ ቡናማ ቀላቅሉ። ሰማያዊው ሲበዛ ዝናብ ያዘለ ደመና ይሆናል፣ ቡናማው ሲበዛ አቧራማ ይሆናል። እኩል ሲሆኑ ከተዘጋጀው ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ግራጫ ይወጣል። ወረቀቱ ገና እርጥብ እያለ፣ ውሃው ግን መንጣፈፍ ሲጀምር፣ ጥቂት የገበታ ጨው ብትበትኑበት እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ያለውን ቀለም ይስብና የከዋክብት ወይም የዝናብ ፍንጣቂ የመሰለ ምልክት ይተዋል። በጣም ከረጠበ ጨው ይሟሟል፣ ከደረቀ ምንም አይሠራም። ትክክለኛው ጊዜ የወረቀቱ አንጸባራቂነት ሊጠፋ ሲል ነው። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጨውን አራግፉት። ሰማዩን ሳትነኩ ተዉት፣ በውሃ ቀለም ደጋግሞ መነካካት ነው ጭቃ የሚያመጣው።

ለፊቷና ለእጇም የውሃ ቀለም ነው የተጠቀምኩት፣ በስሱ፣ በላይ በላዩ። ጠይም ናት። በርንት ሲየና ከቢጫ አፈር ቀለም ጋር መሠረቱ ነው፣ ጥላው ላይ አልትራማሪን ይገባል። የእኛ ቆዳ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ነጭ አይደለም የሚታየው፣ የሰማዩን ቀለም ነው የሚይዘው። ግንባሯና ጉንጯ ላይ ያለውን ብርሃን ነጭ ጨምሬ ላምጣው ብትሉ ፊቷ አመድ ይለብሳል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ጓሽ በጥቂቱ፣ ግንባር፣ የአፍንጫ አጥንትና ጉንጭ ላይ ብቻ፤ ይበቃል። ጠይምና ጥቁር ፊት እንዴት እንደሚበራ የሚያሳይ ትምህርት በቀላሉ ስለማይገኝ ይሄን አስምሩበት። መስታወት ፊት ቁሙ፣ መስኮቱ በጎን ይሁን፣ የራሳችሁን ፊት እዩ።

ጋቢው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ስለዚህ እጥፋቱ ይለያያል፦ ነጠላ በነፋስ ሲነሳ ይንሳፈፋል፣ ብዙ ቀጫጭን እጥፋት ይሠራል፤ ጋቢ ግን ጥቂትና ወፍራም እጥፋት ነው ያለው፣ ክብደቱ ይታያል። በምናቤ ልስለው ብዬ ነበር፣ ግን አሌክስ ሮስ የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ፣ ልዕለ ጀግኖችን በጓሽ በመሳል ስሙ የገነነው፣ እውነተኛ ሰው እያቆመ ነው የሚሠራው። እኔም ታናሽ ወንድሜን ጋቢ አልብሼ ወንበር ላይ አቆምኩት፣ አንድ እጁን ወደፊት አዘረጋሁት። «ኧረ እጄ ዛለ፣ ልትጨርሺ ነው?» እያለኝ እጥፋቱን በፍጥነት ነደፍኩ፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ አነሳሁትና ለቀቅኩት። ያ ፎቶ ባይኖር ትከሻ ላይ ጋቢው እንዴት እንደሚደራረብ ፈጽሞ አላገኘውም ነበር።

ነጭ ጨርቅ የሚሳለው በጥላው ነው። ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ወረቀቱን እንዳለ ተዉት። ጥላውን በውሃ ቀለም፣ በጣም በቀጠነ ሰማያዊ ግራጫ አስገቡ፤ ወደ ሰውነቷ የተጠጋው እጥፋት የቆዳዋን ሙቀት ስለሚያንጸባርቅ እዚያ ጋ ትንሽ ቡናማ ጣል አድርጉ። ከዚያ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ነጭ ጓሽ በወፍራሙ። ጓሽ ሲደርቅ መልኩን እንደሚቀይር እወቁ፦ ፈዛዛው ጠቆር ይላል፣ ጥቁሩ ፈዘዝ ይላል። እርጥብ እያለ ልክ የመሰላችሁ ቀለም ሲደርቅ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ቁራጩ ወረቀት ላይ አድርቃችሁ ወስኑ። የጥጡን ድር ለማሳየት ብሩሹን በጨርቅ አድርቄ ቀለም ያለመጠን ሳልነክር አለፍ አለፍ አደረግኩበት፣ ወረቀቱ ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ ጉብ ጉብ ባለው ላይ ብቻ ይቀመጣል። ጥለቱን በቀለም እርሳስ ነው የሠራሁት። የደረቀ ጓሽ የቀለም እርሳስን እንደ ጠመኔ ሰሌዳ ይይዛል፣ ቀጭን መስመር ለማውጣት ከዚህ የሚመች የለም።

የሰውነቷ ልብስ ጥቁር ነው፣ ይሄን በአክሪሊክ ሠራሁት። ጥቁር ልብስን በጥቁር ብቻ ከሞላችሁት ቀዳዳ ይመስላል። የድሮ ልዕለ ጀግና መጽሔቶችን ካያችሁ ጥቁር ፀጉርና ጥቁር ልብስ ላይ ብርሃኑ ሰማያዊ ነው። ያኔ ርካሽ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም ብቻ ነበር የሚታተመው፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፤ ሠዓሊዎቹም ማተሚያው በሚችለው ነው የሚያስቡት። በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱፐርማን ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ መልበሱም ለዚያ ማተሚያ የሚመች ነበር። ሃልክ የሚባለው ግዙፍ ጡንቸኛ ልዕለ ጀግና ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲወጣ ግራጫ ነበር! ግራጫው ከገጽ ገጽ እየተለዋወጠ አስቸገረና በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆነ፣ እንደዚያው ቀረ። ይሄ ታሪክ ደስ የሚለኝ ቀለም የሚመረጠው በሐሳብ ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። እኔም አልትራማሪንና በርንት ሲየናውን በአክሪሊክ ቀላቅዬ ጥቁሩን አወጣሁ፣ ጡንቻው የሚወጣበት ቦታ ላይ ሰማያዊውን ለብቻው አስገባሁ። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ እየጨመቃችሁ ሥሩ፣ ብሩሹም ውሃ ውስጥ ይቆይ። ብሩሽ ላይ ከደረቀ ብሩሹ አለቀለት።

ቀጥሎ መስመር። ለመስመር የምትጠቀሙበት ጥቁር ቀለም ውሃ የማይፈታው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ለብዕር የሚሞላው ቀለም ብዙውን ጊዜ ይፈታል። ሞክሩት፦ መስመር አስምሩ፣ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ብሩሽ አሳልፉበት። ከፈሰሰ በላዩ ሌላ ቀለም የማይመጣበት መጨረሻ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት።

መስመሩን ከየት ልማር ለምትሉ፣ ቅርብ ያለውን አትለፉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ያለው ጥቁር መስመር ወፍራምና ያልተንቀጠቀጠ ነው፣ ቀለሙን ከቀለም ለይቶ ያስቀምጣል፣ ከሩቅ ይነበባል። የኮሚክ ሠዓሊም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ሌላም የወሰድኩት ሥርዓት አለ። በጥንቱ አሳሳል ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። እኔም ጀግናዋን በሁለት ትላልቅ ዓይኖች አደረግኳት፣ ጥግ ላይ ያለውን ባላንጣዋን በጎኑ ሳልኩት። ማንም ሳይነግራት፣ እናቴ አይታው ወዲያው «ይሄ ክፉ ነው» አለች።

መስመሩን ሁሉም ቦታ እኩል አታወፍሩት። ጥላ ባለበትና ወደ እኛ በቀረበው ቡጢ ላይ ወፍራም ይሁን፣ ብርሃን ባረፈበት ጋቢ ላይ ይቅጠን፣ አንዳንድ ቦታም ይቋረጥ።

የመጨረሻው ኃይሉ ነው። ሻማው የተወውን ነጭ መንገድ መሐሉ ላይ በነጭ አክሪሊክ አጠነከርኩት፣ ዳርና ዳሩን በሐምራዊ የዘይት ፓስቴል ከብቤ በጣቴ አሸሁት። አክሪሊክ የሻማ ሰም ላይ በደንብ ስለማይዝ ሰሙን አስቀድማችሁ በቢላዋ ጀርባ በቀስታ ፋቅ አድርጉት፣ ብሩሹንም ከሰሙ ይልቅ ባዶ ወረቀት ላይ አሳርፉት። የእጇን ዙሪያ ለመሥራት አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ጃክ ከርቢ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመደውን ዘዴ ወሰድኩ፦ ትልልቅና ትንንሽ ክብ ጥቁር ነጠብጣቦችን አጠጋግቶ መደርደር ነው። በነጠብጣቦቹ መሐል የሚቀረው ብርሃን ኃይል ሆኖ ይፈነዳል። ይሄን ነጠብጣብ ፓስቴሉ ከመግባቱ በፊት በመስመሩ ቀለም ጨርሱት፣ በብሩሽ እጀታ ጫፍ እየነከራችሁ ብትነኩት ክቡ ይስተካከላል። ፍንጣሪውንም እንዲሁ ከፓስቴሉ በፊት፣ የጥርስ ብሩሽ ላይ የቀጠነ ነጭ አክሪሊክ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሳቡት፣ ፊቷን ግን በቁራጭ ወረቀት ሸፍኑ። ነጭ አክሪሊክ ከሌላችሁ ቢሮ ውስጥ የተሳሳተ ጽሑፍ የምንሰርዝበት ነጭ ፈሳሽ ለትንንሽ ብልጭታ ይሆናል፣ መስኮት ከፍታችሁ ተጠቀሙበት፣ ሽታው መጥፎ ነው።

ቀለም ለመቀላቀል ነጭ ሲኒ እጠቀማለሁ፣ ሸክላው ነጭ ስለሆነ የቀለሙን እውነተኛ መልክ ያሳያል። ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ ከረከቦት የወጣ ሲኒ ይሁንና ተመልሶ ቡና እንዳይቀዳበት ለዩት፤ አንዳንድ ቀለም ውስጥ እንደ ካድሚየም ያለ መርዛማ ነገር አለ። በዚሁ ምክንያት ብሩሽ ጫፉን ለማሾል አፍ ውስጥ አይገባም፣ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ በተለይ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ወረቀቱ ትንሽ መጎበጡ አይቀርም። ፓስቴል ሳይገባበት በፊት፣ ሁሉም ቀለም በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን በስፖንጅ እርጥበት ብቻ አስነኩት፣ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ከባድ መጻሕፍት ጫኑበትና እስኪነጋ ተዉት። ፓስቴሉ ከዚያ በኋላ ይግባ፣ ምክንያቱም የዘይት ፓስቴል ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፣ ከተጫነው ነገር ጋር ይጣበቃል። ስዕሉን ስታስቀምጡም ላዩን በሚያዳልጥ የመጋገሪያ ወረቀት ሸፍኑት፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም አርቁት።